ከአንድ ገጽ መጀመር፦ ደሴ ላይ ስለ ድረ ገጽ ሥራ የተናገርኩት

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተናገርኩት ነው። "በጽሑፍ ላክልን" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። በፕሮጀክተር ያሳየሁትን ኮድ እዚህ በቃል እገልጸዋለሁ። የጠየቃችሁኝንም በየቦታው አስገብቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ በተለይ የሐረጎን ዳገት በጉም ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ ለመጣችሁት። ዛሬ መንገዱ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ።

በቀጥታ ልግባ። የራሳችሁን ድረ ገጽ ለመጀመር የሚያስፈልገው ቴክኒካዊ እውቀት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እውነቴን ነው። ከዚህ ስትወጡ ብዙውን ይዛችሁት ትወጣላችሁ። ሰው የሚያቆመው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ "ምን ልጻፍበት?" የሚለው ላይ። ስለዚህ ከኮዱ በፊት ስለ እሱ ልንገራችሁ።

ሰኞ ገበያ በኩል የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። "ስሜን አትጥራ" ስላሉኝ አልጠራም፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ አንድ ደብተር ነበራቸው። የመጣውን መኪና ሁሉ፣ ምን እንደነካው፣ በምን እንደዳነ ለዓመታት እየጻፉ የያዙበት። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ እንደብዙዎቻችን ከተማውን ለቀው ወጡ። ሲመለሱ ሱቁ ተሰብሯል። መኪኖቹም የሉም፣ ደብተሩም የለም። "መኪናውስ ይገዛል፣ ደብተሩን ከየት አመጣዋለሁ?" አሉኝ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንዴት እንደነበር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አምና አንድ ቀን ሱቃቸው ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን፣ "ጋሼ፣ መኪና ክር እየበጠሰ ሲያስቸግር መጀመሪያ ምንድን ነው የሚያዩት?" አልኳቸው።

"መርፌዋን ነዋ!" አሉ። "ሰው ክር ሲበጠስበት ሮጦ ብሎኑን ያላላል፣ ያጠብቃል፣ ጨርሶ ያበላሸዋል። መርፌዋ ዞራ ተሰክታ ይሆናል እኮ። የቤት መኪና መርፌ አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ነው፤ እሱ ወዴት መዞር እንዳለበት ካላወቅህ ክሩን ትበላዋለች። ወይ ደግሞ ጫፏ ተጎድቷል። በጥፍርህ ዳበስ አድርጋት፤ ከቧጠጠችህ ጣላት።"

ቀጠሉ። ክሩ በየቀዳዳው በተራው ማለፍ እንዳለበት፣ የታችኛው ክር የሚጠቀለልባት ትንሿ ብረት ዙሪያ ብናኝ እንደሚጠራቀም፣ ክሩ ራሱ አርጅቶ የሚበሰብስበት ጊዜ እንዳለ። ብሎኑ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እሳቸው ሲናገሩ እኔ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ከዚያች ጽሑፍ አንድ ገጽ ሠራሁ። ርዕሱ "የስፌት መኪና ክር እየበጠሰ ሲያስቸግር" ነው። ፎቶ የለውም። ከላይ ርዕሱ፣ ከሥር አምስት አጫጭር አንቀጾች፣ መጨረሻ ላይ የሱቃቸው ስልክ። አለቀ።

ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ልጅ ከባቲ ደወለችላቸው። መኪና ልታስጠግን መስሏቸው ነበር። ለካስ ገጹን አንብባ፣ መርፌዋን አዙራ ሰክታ፣ መኪናው ሠርቶላት፣ "አላህ ይስጥልኝ" ልትል ነው። ጋሼ ያን ቀን ለሱቁ ጎረቤት ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ። አሁን እሳቸው ናቸው የሚደውሉልኝ። "አንተ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ስለ ዘይት እንጻፍ" ይሉኛል። ደብተራቸው በትንሽ በትንሹ እየተመለሰ ነው።

እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ክራር የምትጫወቱ እዚህ አያለሁ። ባቲና አምባሰል በእኛ አገር ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ናቸው፤ ክራር ወደ አምባሰል እንዴት እንደሚቃኝ ለጀማሪ ቀስ አድርጎ በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ብትጽፉ ስንት ልጅ ይጠቀምበታል! የፊዚክስ መምህርም አለ መሃላችን። በየዓመቱ ያንኑ ማስታወሻ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ በየዓመቱ ይጠፋል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሩ፣ እናታችሁ በርበሬ የምታዘጋጅ፣ ንብ የምታረቡ አላችሁ። የምታውቁት ነገር ለእናንተ ተራ ስለሆነ የሚጻፍ አይመስላችሁም። ለጋሼም መርፌ ተራ ነገር ነበር።

አንድ ወንድሜ ቅድም ሲገባ፣ "እኔ ቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ ፌስቡክም አለኝ፤ ድረ ገጽ ምን ይጨምርልኛል?" ብሎኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቻናሉን አትዝጋው። ሰው ያለው እዚያ ነው፣ ገጽህንም የምታስተዋውቀው እዚያ ነው። ግን እስቲ የዛሬ ሁለት ዓመት የለጠፍከውን አንድ ነገር አሁን ፈልገህ አውጣልኝ። ወደ ላይ ስትገፋ፣ ስትገፋ ትደክማለህ። የማያውቅህ ሰው ደግሞ መኖሩንም አይሰማም። ባቲ ያለችው ልጅ ጋሼን አታውቃቸውም፣ የማንም ቻናል ውስጥ አልገባችም፤ ችግሯን ጎግል ላይ በአማርኛ ጻፈች፣ ገጹ መጣላት። አድራሻው የማይለወጥ፣ ማንም ሳይመዘገብ የሚያነበው ቦታ ስለሆነ ነው። አካውንት በሆነ ምክንያት ሲዘጋ ደግሞ የጻፉት ሁሉ አብሮ እንደሚሄድ ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

እሺ፣ ድረ ገጽ ምንድን ነው? ሦስት ነገር ነው። ቃላችሁ የተጻፈበት ፋይል። ፋይሉ የሚቀመጥበት፣ ቀን ከሌት የማይጠፋ ኮምፒውተር፤ እሱ ሰርቨር ይባላል። ሦስተኛው ስም ነው፣ ዶሜይን የሚሉት።

ስሙ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ለደሴ ሰው ማስረዳቱ ቀላል ነው። እኛ ከተማ በቤት ቁጥር ቤት የሚፈልግ ሰው የለም። "ከቧንቧ ውኃ ወረድ ብለህ፣ መስጊዱን አልፈህ፣ ሰማያዊ በር" ነው የምንባባለው። ኮምፒውተር ግን ከቁጥር ሌላ አያውቅም። እያንዳንዱ ሰርቨር የቁጥር አድራሻ አለው። ሰው ያን ሁሉ ቁጥር በቃሉ ስለማይዝ፣ መሃል ላይ ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን የሚነግር አገልግሎት ተሠርቷል፤ ዲኤንኤስ ይባላል። ሰፈሩን የሚያውቅ ባለሱቅ በሉት። "የእነ እገሌ ቤት በየት ነው?" ስትሉት እጁን ዘርግቶ ያሳያችኋል።

የመጀመሪያው ድረ ገጽ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ1983 ክረምት ነው። እኛ 1983 ሲባል ትዝ የሚለን ግንቦት 20 ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 1991፣ ቲም በርነርስ ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን በሚባል የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሆኖ የሠራውን ለዓለም አሳወቀ። ያ ገጽ ዛሬም ይከፈታል። ነጭ መደብ፣ ጽሑፍ፣ ሊንክ፤ በቃ። ፎቶ የለ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለ። በፈረንጆቹ 1993 ደግሞ ሰርን ቴክኖሎጂውን ማንም ሳይከፍል እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ደሴ ቁጭ ብለን ማንንም ሳናስፈቅድ ገጽ የምንሠራው በዚያ ውሳኔ ምክንያት ነው። እኔ ስለዚህ ነገር ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሁን እንሥራ።

ኮምፒውተር ያለው ኖትፓድ ይክፈት። ያ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይሻላል፣ ኮዱን በቀለም እየለየ ያሳያችኋል፤ ለዛሬ ግን ኖትፓድ ይበቃል። ዴስክቶፕ ላይ ፎልደር ፍጠሩ። ውስጡ አንድ ፋይል አስቀምጡ። ስሙ ኢንዴክስ፣ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ ኤችቲኤምኤል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁሉም በትንሹ። ኖትፓድ ሴቭ ስታደርጉ መጨረሻው ላይ የራሱን ቅጥያ እንዳይጨምርባችሁ "ኦል ፋይልስ" የሚለውን ምረጡ። ኢንዴክስ የምንለው ሰርቨሩ እንግዳ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚፈልገው ፋይል ስሙ እሱ ስለሆነ ነው። ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል ለሰርቨሩ የተለያዩ ናቸው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ኤችቲኤምኤል ሲባል የምትፈሩ አላችሁ። አብሽሩ። የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ብራናው ላይ ርዕስና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፣ ሌላው በጥቁር። ቀዩ ቀለም ቃሉን አይለውጠውም፤ አንባቢው "ይህ ርዕስ ነው" ብሎ እንዲያውቅ ያደርገዋል። ኤችቲኤምኤልም እንዲሁ ነው። ኤች አንድ ካላችሁ ርዕስ ነው። ፒ አንቀጽ ነው። ኤ ሊንክ ነው። አይኤምጂ ፎቶ ነው። እያንዳንዱ በማዕዘን ቅንፍ ታጥሮ ከጽሑፉ በፊት ይገባል፣ ጽሑፉ ሲያልቅ ደግሞ እዝባር ተጨምሮበት ይዘጋል። ከእነዚህ ከአራቱ መዝጊያ የማያስፈልገው ፎቶው ብቻ ነው። የጋሼ ገጽ የተሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ነው። ስልካቸውን እንኳን ሊንክ አድርጌዋለሁ፤ ሲነካ በቀጥታ ይደውላል።

ጻፋችሁ፣ ሴቭ አደረጋችሁ። አሁን ፋይሉን ሁለቴ ንኩት። በብራውዘር ይከፈታል።

(እዚህ ላይ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ጠፋ፣ የአዳራሹ ዋይፋይም አብሮ ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራ ስለነበር ሁላችሁም ወንበራችሁን ይዛችሁ ተጠጋችሁ። ገጹ እንደተከፈተ ነው። ከኋላ አንዲት ልጅ "ያለ ኢንተርኔት ይሠራል እንዴ?" አለች።)

አዎ፣ ይሠራል! ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ፋይሉ እናንተው ዘንድ ነው ያለው። ገጹን ስትጽፉ፣ ስታርሙ፣ ስታዩ አንድ ሜጋባይት አታወጡም። ፓኬጅ የሚያስፈልገው ጨርሳችሁ ወደ ሰርቨር በምትጭኑበት ሰዓት ብቻ ነው። "ካርድ ሲኖረኝ እጀምራለሁ" የምትሉ ካላችሁ ዛሬ ማታ ጀምሩ።

ከገጹ አናት ላይ ሰው የማያያቸው፣ ብራውዘሩ ግን የሚያነባቸው መስመሮች አሉ። እኛ በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የተለየ ጥቅም አላቸው። የመጀመሪያው ቻርሴት የሚባለው ነው፤ እዚያ ላይ ዩቲኤፍ ስምንት ብላችሁ ጻፉ። እሱን ከዘለላችሁ ያ ቆንጆ ፊደላችሁ አንዳንዱ ማሽን ላይ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ቋንቋው አማርኛ መሆኑን የሚናገረው ነው። ዓይነ ስውራን ጽሑፍ በሚያነብላቸው ፕሮግራም ሲጠቀሙ፣ ፕሮግራሙ በየትኛው ቋንቋ ማንበብ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነው። ሦስተኛው ቪውፖርት ይባላል። እሱ ከሌለ ስልክ ገጹን እንደ ኮምፒውተር ስክሪን አሳንሶ ያሳየዋል፣ አንባቢው በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ይሰቃያል። የእኛ አንባቢ በስልክ ነው የሚያነበው፣ ይህ ለክርክር አይቀርብም። ከእነዚህ ጋር ታይትል የሚባለውን አስገቡ፤ ጎግል ላይ በሰማያዊ የሚወጣው ርዕስ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ስለ ፊደላችን ትንሽ ላውራ፣ ውስጤ ያለ ጉዳይ ስለሆነ ታገሱኝ። ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ኮምፒውተሩን እያታለሉ ነበር የሚሠሩት። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል የያዘ ይመስለዋል፣ ፎንቱ ደግሞ በላዩ ላይ የእኛን ይሥልበታል። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍቱት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል። ይህ ያለፈ ታሪክ አይምሰላችሁ። በየኮምፒውተር ጽሕፈቱ ቤት በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ፋይሎች እስከ ዛሬ አሉ። አባታችሁ ያስጻፉትን የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ገልብጣችሁ ገጻችሁ ላይ ብትለጥፉ የሚወጣላችሁ ያ ቅራቅንቦ ነው። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፣ እነሱን ሞክሩ። እምቢ ካለ እንደገና መጻፍ ነው። እኔ የሰፈራችንን ዕድር ሃያ ገጽ ደንብ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ። ሦስት ማታ ወስዶብኛል፣ አልቆጨኝም። አሁን የዕድሩ አባል ሁሉ ስልኩ ላይ ያነበዋል።

የገጹን መልክ የሚያሳምረው ሲኤስኤስ ይባላል። ስለ እሱ ሳምንት ሙሉ ማውራት ይቻላል፤ እኔ ለጀማሪ የምለው ስለ ፊደል ብቻ ነው። እስቲ ቡ እና ቢን ጻፉና አስተያዩአቸው። ልዩነታቸው አንዲት ጭረት ናት፤ ቡ ላይ ወገቡ ጋ፣ ቢ ላይ እግሩ ጋ። የእንግሊዝኛ ፊደል በ12 ፒክሰል ይነበብ ይሆናል። የእኛ በዚያ መጠን ሲሆን ጭረቷ ትጠፋለች፣ መነጽር የሚያደርጉ ወላጆቻችንማ ጨርሶ አያዩአትም። 18 ፒክሰል አድርጉት፣ 20ም አይበዛም። በመስመርና በመስመር መካከል ያለውን ክፍተት ሰፋ አድርጉት፣ የፊደሉን 1.7 እጥፍ ያህል። ፊደላችንን ደግሞ አታጋድሙት። እንግሊዝኛ አንድን ቃል ለመለየት ፊደሉን ያጋድመዋል፤ የእኛ ሲጋደም ሊወድቅ የደረሰ ግድግዳ ይመስላል። አንድ ቃል እንዲታይ ከፈለጋችሁ አወፍሩት፣ ወይም እንደ ብራናው ቀይ ቀለም ስጡት።

ፎቶ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ ስምንት ሦስት ባይት ይይዛል። ሦስት ሺህ ፊደል ያለው ደህና ጽሑፍ ብትጽፉ 9 ኪሎባይት ገደማ ነው። ከስልካችሁ በቀጥታ ያወጣችሁት አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። አስሉት፤ አንዷ ፎቶ ከአራት መቶ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች በላይ ትከብዳለች። ያን የሚከፍለው አንባቢያችሁ ነው፣ ከፓኬጁ። አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት ወዳጄ መጀመሪያ ገጹን ሲሠራ ሠላሳ የሠርግ ፎቶ እንዳለ ጭኖ ነበር። ከፍቼ ሻይ አዝዤ፣ ሻዩ መጥቶ፣ ጠጥቼ ጨርሼ ፎቶዎቹ ገና አልወጡም። ቁጭ ብለን ስፋታቸውን ወደ 1,000 ፒክሰል አወረድነው፣ ጥራቱን ትንሽ ቀነስነው፣ እያንዳንዱ ከ150 ኪሎባይት በታች ሆነ። በዓይን የሚታይ ልዩነት የለውም። ፎቶ ስታስገቡ አይኤምጂ በሚለው ቅንፍ ውስጥ ምን እንደሆነ በቃል የሚገልጸውን አማራጭ ጽሑፍም ሙሉ፤ ፎቶው ባይከፈት እንኳን ሰው ምን እንደነበር ያውቃል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የሕፃን ፎቶ ወላጁን ሳታስፈቅዱ አታውጡ። የቤታችሁን መገኛና መታወቂያችሁንም አታውጡ።

"ስንት ብር ይፈጃል?" ተብዬ ነበር። ለመጀመር ምንም። ጊትሃብ ፔጅስ የሚባል ነጻ አገልግሎት ከፈረንጆቹ 2008 ጀምሮ አለ፤ አካውንት ትከፍታላችሁ፣ ፋይላችሁን ትጭናላችሁ፣ የእነሱ ስም የተቀጠለበት አድራሻ ይሰጣችኋል። ኒዮሲቲስ፣ ኔትሊፋይ፣ ክላውድፍሌር ፔጅስም አሉ። ለመጀመሪያ ገጽ ሁሉም ይሆናሉ፣ ስታማርጡ አትዋሉ። በራሳችሁ ስም ዶሜይን ስትፈልጉ ነው ክፍያ የሚመጣው። ነጥብ ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል። የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ለብዙዎቻችን ችግር ነው፤ በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ስላሉ በእነሱ በኩል ማድረግ ይቻላል። ነጥብ ኢቲ ደግሞ የአገራችን መለያ ነው።

ዶሜይን ስትገዙ በራሳችሁ ስም፣ በራሳችሁ ኢሜይል ይመዝገብ። ይህን የምለው አንድ ዘመዴ ላይ የደረሰውን ስላየሁ ነው። ድረ ገጹን የሠራለት ልጅ ስሙን በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው። ከዚያ ልጁ አገር ለቆ ሄደ፣ ስልኩም ተለወጠ። እድሳቱ ሲደርስ ማንም ማደስ አልቻለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሱቁ ታፔላ ላይ የተጻፈው አድራሻ በአንድ ቀን የሌላ ሰው ሆነ። የኢሜይላችሁን ፓስወርድ ጠንካራ አድርጉት፣ ከፓስወርዱ ሌላ የሚጠየቀውን ሁለተኛ ማረጋገጫም አብሩት። ኢሜይሉን የያዘ ሁሉንም ይይዛል።

የራሴንም ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ድረ ገጼን የሠራሁት በመዳፊት እየጎተቱ በሚሠራ ነጻ አገልግሎት ላይ ነበር። ቀላል ነበር፣ ቆንጆም ነበር። አርባ የሚሆን ጽሑፍ ጻፍኩበት፤ ስለ ሐይቅ፣ ስለ ጦሳ ተራራ፣ አያቴ ስለነገሩኝ ነገር። ከዚያ አገልግሎቱ ተዘጋ። ማስታወቂያው የመጣው ለማልከፍተው ኢሜይል ነው። ስደርስ ምንም የለም። ግልባጭ አልነበረኝም። አያቴ አሁን በሕይወት የሉም፤ እንደገና የምጠይቀው ሰው የለኝም። ይህ በትልልቆቹም ይደርሳል። ጂኦሲቲስ የሚባል በፈረንጆቹ 1994 የተጀመረ የግል ገጾች ቦታ ነበር፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ገጽ የነበረበት። ያሁ ገዝቶት በፈረንጆቹ 2009 ዘጋው። ስለዚህ ነው እኔ ለዛሬው ፋይል የምሟገተው። ፋይሉ ፎልደራችሁ ውስጥ ካለ፣ ሰርቨሩ ቢዘጋ በማግስቱ ሌላ ቦታ ትጭኑታላችሁ። ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ገልብጡት፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ጋሼ ግልባጩን በወር በወሩ በፍላሽ ይወስዳሉ፣ እህታቸው ቤት ያስቀምጡታል።

ጎግል ላይ ስለ መገኘት ደግሞ ይህን ልበል። የእኛ አጻጻፍ አንድ ወጥ አይደለም። ሐይቅን እዩት። አንዱ በሐመሩ ሐ ይጽፋል፣ አንዱ በሃሌታው ሀ፣ አንዱ ሃ ይላል። ሦስቱም ሰው ጎግል ላይ አንዱን ሐይቅ ነው የሚፈልገው። ርዕሳችሁ ላይ የምታምኑበትን አጻጻፍ ተጠቀሙ፤ ጽሑፉ ውስጥ ግን አንድ ቦታ ሌላውንም አስገቡት፣ ለምሳሌ "ሃይቅ ተብሎም ይጻፋል" ብላችሁ። ርዕሱንም ሰው በሚጠይቅበት አፍ ጻፉት። ማንም "የስፌት መሣሪያ ብልሽት አፈታት" ብሎ አይፈልግም። "መኪናው ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ" ነው የሚለው።

መጨረሻ ላይ ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ኮምፒውተር የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ" አለ። በስልክም ይቻላል፤ ጊትሃብን በስልክ ብራውዘር ከፍታችሁ ፋይሉን እዚያው መጻፍ ትችላላችሁ። "ምን ልጻፍ?" አለ። ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት። ከትምህርት ውጭ ባለው ሰዓት ኮምቦልቻና ደሴ መካከል በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል!

ሌላው ሰው ሻይ ሲጠጣ እኛ ጥግ ይዘን ቁጭ አልን፣ በእሱ ስልክ፣ በእሱ ፓኬጅ። ርዕሱን "ሐረጎን ለመውጣት ምን ልወቅ?" አለው። አንቀጹ ይህ ነው፦ "መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። የሚያቅለሸልሽህ ከሆነ ፊት ተቀመጥ፣ መስኮቱን ትንሽ ክፈት። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው ብለህ በሸሚዝ አትምጣ፣ ደሴ ስትደርስ ይበርድሃል። ክረምት ላይ ጠዋት ጉም አለ፤ ቀጠሮ ካለህ ቀደም ብለህ ተነሳ።"

ጫነው፣ አድራሻውን ከፈትነው፣ "ገጹ አልተገኘም" አለ። ፊቱ ተለወጠ። የፋይሉን ስም አየነው። የስልኩ ኪቦርድ የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ትልቅ አድርጓት ኖሯል። ወደ ትንሽ መለሳት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠበቅን፣ ወጣ። ሊንኩን ኮምቦልቻ ላለ ጓደኛው ላከው። ጓደኛው ወዲያው ደወለና "ስለ ሻንጣ ሒሳብ ለምን አልጻፍክም?" አለው።

"ሚኒባስ ውስጥ እጽፈዋለሁ" ብሎ ወጣ።